የጣልኩት በሶ አብሃ ላይ ጠበቀኝ

የዛሬው ጨዋታ እንደ ሌላው ጊዜ ከሰው የሰማሁት አይደለም። የራሴው ጉድ ነው። የሌላውን ገመና ስጽፍ ከርሜ የራሴን ብደብቅ ደግ አይመስለኝም። ብቻ ሳታሙኝ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እስቲ ከጥያቄ ልጀምር። ከቤታችሁ ርቃችሁ የምታውቁ ልጆች፣ ከሁሉ በፊት የናፈቃችሁ ምን ነበር? "አገሬ" የሚል አይጠፋም። "እናቴ" የሚልም ይበዛል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ከእንቅልፍ የሚያባንነው እንዲህ ያለው ትልቅ ነገር አይደለም። የጋቢ ጠርዝ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ነው። ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት ቤት የሚመጣው የቡና ቁሌት ሽታ ነው። እቤት ሳለን "ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው" ብለን ያለፍነው ነገር ነው እኮ በሰው አገር ሆድ የሚያስብሰን!

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? የእኔው ደግሞ ወርቅ እንኳ አልነበረም። በሶ ነበር። በቃ፣ ተራ የገብስ በሶ!

"እሳት አይጠይቅ፣ ሰው አያስቸግር"

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩና ነጥብ አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ ሱቅ፣ ነገ ካፌ፣ ከነገ ወዲያ ቤት መቀመጥ። ጓደኞቼ አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ እኔም በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ የሁለት ዓመት ውል ፈርሜ ጉዞ ወደ ጅዳ ሆነ።

የመሄጃዬ ዋዜማ ሌሊት እናቴ አልተኛችም። ገብሱን አክስቴ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ከረቡዕ ገበያ በኩል ነበር ያመጣችው። ጎጃምን ለማያውቅ ልንገረው፤ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። በታች ባለው ሜዳ ላይ ነጭ ጤፍ ቢያምርም ያን ብርድ ጤፍ አይችለውም። እዚያ ላይ ጌታው ገብስና ድንች ነው። እናቴ ያንን ገብስ ፈትጋ፣ በምጣድ አምሳ፣ አስፈጭታ በንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ቋጠረችው። ጥቂት የደረቀ ጤና አዳም በወረቀት ጠቀለለች። በመጨረሻም ጥጡን ራሷ ፈትላ ያሠራችውን ጋቢ አጣጥፋ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተች።

እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? "እማ፣ ሱፐርማርኬት ወዳለበት አገር በሶ ተሸክሜ ልሂድ? ሰው ቢያይስ!"

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "መንገድ አይታወቅም ልጄ። በሶ ውኃ ካገኘ ይበቃዋል። እሳት አይጠይቅ፣ ሰው አያስቸግር" አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ከሰባት ወር በኋላ ነው። ያውም በሌላ ሰው አፍ፣ በሌላ ቋንቋ።

ጥቁሩ ፌስታል

ጅዳ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ዕቃዬን ስደረድር ማዳም መጣች። የቤቱን እመቤት እዚያ የምንጠራት እንዲህ ነው። ከረጢቱን አነሳች። ፈታችው። አሸተተችው። "ኤሽ ሃዳ? ቱራብ?" አለች። "ይሄ ምንድን ነው? አፈር ነው?" ማለቷ ነው። ልጆቿ ከኋላዋ ቆመው ሳቁ።

እኔስ? "ምግብ ነው፣ እናቴ ናት የሠራችልኝ" አልኩ? አላልኩም! አብሬያቸው ሳቅሁ። እነሱ ዞር ሲሉ ከረጢቱን እንዳለ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ጣልኩት። ማንም አላዘዘኝም እኮ! ማዳም እንኳ "ጣይው" አላለችም። እፍረት ነው ያስጣለኝ። ጤና አዳሙም አብሮ ሄደ። ጋቢውን ለመጣል ግን እጄ እምቢ ስላለኝ ሻንጣው ሥር ቀበርኩት።

የቤቱን ሰዎች ልወቅስ አልተነሳሁም። ደመወዜን አልከለከሉኝም፤ እጃቸውንም አላነሱብኝም። ሥራው ግን ጎህ ሳይቀድ ተጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የሚያልቀው። ብቻዬን ደጅ መውጣት የለም። ስልክ የሚሰጠኝ ማታ ማታ ለአንድ ሰዓት ነበር። በዚያች ሰዓት የእናቴን ፊት በቪዲዮ አያለሁ፤ "በላሽ ወይ?" ትለኛለች፤ "በላሁ" እላታለሁ። ምርኩዜ ያቺ አንድ ሰዓት ነበረች።

ጅዳ ማለት ከውጪ እሳት፣ ከውስጥ አጥንት የሚያቀዘቅዝ ኤሲ ነው። ጉም የለ፣ ጤዛ የለ። ሰዓት ካላየሁ ጠዋት ይሁን ማታ አላውቅም። ቀስ በቀስ የሆነ ነገሬ ደረቀ። አላለቅስም፣ አልስቅም። ማዳም "ለመድሽ" ብላ ደስ አላት። መልመድ ግን አልነበረም። መደንዘዝ ነበር።

ሁለተኛው ዓባይ

በዚያው ዓመት የሐምሌ መጨረሻ ላይ የልጆቹ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ቤተሰቡ ለዕረፍት ወደ ማዳም እናት ቤት፣ ወደ አብሃ ተነሳ። እኔም ልጆቹን እንድጠብቅ ሻንጣዬን ይዤ ከኋላ ወንበር ላይ ተሳፈርኩ። አብሃ በሳዑዲ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ የመን በኩል ያለው የዓሲር ክልል ዋና ከተማ ናት። እኔ በልቤ "ያው ሌላ አሸዋ ነዋ!" ብያለሁ።

ቀኑን ሙሉ በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለውን ሜዳ ይዘን ስንነዳ ዋልን። ከሰዓት በኋላ መኪናው ወደ ተራራው ታጠፈ። ከፊታችን ገደል ተገተረ። ወጣን፣ ወጣን፣ አሁንም ወጣን። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ዋሻ ውስጥ ገብቶ በሌላ ወገን ብቅ ይላል። ጆሮዬ ድፍን አለ። ጎበዝ! ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ይህን የጆሮ ነገር ያውቀዋል። መንገዱ ዳር ዝንጀሮዎች ተሰልፈው ብስኩት ይጠብቃሉ። ልጆቹ ጮኹ። እኔም "ዝንጀሮ!" ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። የራሴን ድምፅ ከስንት ወር በኋላ ሰማሁት።

ላይ ስንደርስ አባወራው ኤሲውን አጥፍቶ መስኮቱን ከፈተ። ምን ልበላችሁ... የገባው አየር የደብረ ማርቆስ አየር ነበር! ዝናብ የነካው አፈር ሽታ። ጉም። ሰማዩም አጉረመረመ። ቁጭ ባልኩበት እንባዬ ወረደ። ትንሿ ልጅ "ምን ሆንሽ?" ስትለኝ "ዓይኔ ውስጥ ነፋስ ገባ" አልኳት። ያልኩት ውሸት አልነበረም።

ኋላ ሳጣራው ነገሩ ምኞት ብቻ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አብሃም ከ2,200 ሜትር በላይ ነች። ለብዙው የሳዑዲ ምድር የበጋ ዝናብ ብርቅ ነው፤ አብሃ ግን የእኛ ክረምት በሆነው ወራት ዝናብና ጉም ታገኛለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው የሱዳ ተራራ ላይ የበቀለው ጥድ ደግሞ የእኛው የሐበሻ ጥድ ነው፤ ዘሩ አንድ ነው። የመሬት አጥኚዎች እንደሚሉት ሁለቱ ደጋዎች ጥንት የተያያዙ ነበሩ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው መሬቱ እየተሰነጠቀ ቀይ ባሕር መሐላቸው የገባው። ለካ የተለያዩ የአንድ እናት ልጆች ኖረዋል!

ያን ዕለት ማታ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድበው ሻንጣዬን ገለበጥኩና ጋቢዬን አወጣሁ። ስከፍተው የቤታችን ጭስ ሸተተኝ። ሰባት ወር ተቀብሮ ጭሱ አልለቀቀውም! እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ተኛሁ። ጅዳ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ አልተኛሁም።

ስልኩ ዝም አለ

ደስታዬ ሁለት ቀን አልቆየም። አንድ ማታ እንደ ልማዴ ወደ እናቴ ስደውል መስመሩ የለም። በማግስቱም የለም። በሦስተኛው ቀን ከሌሎች ሐበሾች ወሬ ሰማሁ። በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሷል፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋርጧል። ደብረ ማርቆስም ተኩስ አለ ተባለ። ይሄ ነው እንግዲህ። ሌላ የሚታወቅ ነገር የለም።

ቪዲዮው ይቅርና ተራ ስልኩም እምቢ አለኝ። እጄ ሳህን ያጥባል፣ ልቤ ግን የለም። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ገባ። ሌላ ምንም ላደርግላት ስላልቻልኩ ጾሙን ያዝኩ። እናቴ እዚያ ትጾማለች፣ እኔ እዚህ። ቢያንስ በዚህ እንገናኛለን አልኩ።

አሁን የማዳምን እናት ላስተዋውቃችሁ። ሰማንያውን ያለፉ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ዓይናቸው ግን የማይስት አሮጊት ናቸው። "ኻላ" እላቸው ነበር፤ "አክስቴ" እንደ ማለት ነው። የጾሙ የመጀመሪያ ቀን ኻላ በትልቅ ገበታ ምግብ አቀረቡ። ሳየው ክው አልኩ። ገንፎ! መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤ የተንቆረቆረበት፣ ዳር ዳሩ ማር የፈሰሰበት የእኛው ገንፎ! "ዓሲዳ" ይሉታል። "ብዪ" ሲሉኝ "አነ ሷይማ" አልኳቸው፤ "ጾመኛ ነኝ" ማለቴ ነው። እሳቸው እንደ ራሳቸው ጾም ቆጥረውት ፀሐይ እስክትጠልቅ ድርሻዬን ከድነው አስቀመጡልኝ። ማታ ሲያቀርቡልኝ ደግሞ "ቅቤ አይሆንም" አልኩ። "ቅቤ የማይገባበት ምን ዓይነት ጾም ነው?" ብለው ሳቁ። በማግስቱ የእኔን ለብቻ አገነፉት፤ በማርና በሰሊጥ ዘይት። አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ ጣሳ የተተከሉ ቅጠሎች አሉ። አንድ ጠዋት ውኃ ሳጠጣ እጄ ነካውና ሽታው ብን ብሎ ወጣ። ጤና አዳም! እነሱ "ሸዛብ" ነው የሚሉት። የዓሲር ሰዎች ከሌላ መዓዛማ ቅጠልና አበባ ጋር ጎንጉነው ራሳቸው ላይ ያደርጉታል። አንዲት ቅርንጫፍ ቆርጬ ቡናዬ ውስጥ ነከርኩ። ኻላ አይተው ግራ ገባቸው። "ጭንቅላት ላይ የሚደረገውን ትጠጪዋለሽ?" አሉኝ። እኔ ደግሞ "ስኒ ውስጥ የሚገባውን ጭንቅላት ላይ ታደርጉታላችሁ?" አልኳቸው። ተያይተን ሳቅን። በማግስቱ ግን በእሳቸውም ፍንጃል ውስጥ አንዲት ቅጠል አየሁ!

ሰዊቅ

በዘጠነኛው ቀን ሌሊት አልቻልኩም። ጎህ ሲቀድ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ደረጃው ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። ኻላ ለጸሎት ተነስተው ኖሮ አገኙኝ። "ምን ሆነሻል ልጄ?" አሉኝ። የእኔ ዓረብኛ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው። ስለ ድስትና መጥረጊያ ካልሆነ አይናገርም። "ኡሚ... ቴሌፎን ማፊ... ሐርብ" አልኳቸው። እናቴ፣ ስልክ የለም፣ ጦርነት። ያሉኝ ቃላት እነዚህ ብቻ ነበሩ። በቁኝ።

አሮጊቷ "አይዞሽ" አላሉኝም። "እግዚአብሔር ያውቃል" ብለውም አልሄዱም። ወጥ ቤት ገብተው ከመደርደሪያው ላይ አንድ የወተት ቆርቆሮ አወረዱ። ክዳኑን ሲከፍቱት...

የተቆላ ገብስ ሸተተኝ። የእናቴ ምጣድ! ያ ሌሊት! ጥቁሩ ፌስታል!

ኻላ ዱቄቱን በጎድጓዳ ሳህን አድርገው ውኃ ጨመሩ፣ አንድ ማንኪያ ማር ጠብ አደረጉ፣ በጣታቸው አማሰሉና አቀበሉኝ። "ሰዊቅ" አሉኝ። ልጅ ሳሉ፣ መንገዱም መኪናውም ሳይመጣ፣ አባታቸው አህያ ጭነው ገበያ ሲወርዱ የሚቋጠርላቸው ስንቅ እሱ ነበር። የዛሬ ልጆች አያውቁትም፤ እሳቸው ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ያስቆላሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ምድጃው ዘርግተው አንድ ነገር አሉ። ከዓረብኛው የያዝኩት "ናር" የምትለዋን ነው። ናር እሳት ነው። እሳት አይፈልግም እያሉኝ ነው!

ሳህኑን ይዤ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። ለእናቴ ነው? ለጣልኩት ከረጢት ነው? እኔም አላውቀውም። ኻላ ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ መለሱልኝና ሳህኑን እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጡ።

ከሁለት ቀን በኋላ ተራው ስልክ ጠራ። እናቴ አነሳችው! ድምጿ ይቆራረጣል። "ደኅና ነን፣ ሁላችንም ደኅና ነን" አለች። ከዚያ የጠየቀችኝን ስሙ። "በሶው አለቀ?"

አጠገቤ የኻላ ሳህን አለ። "አላለቀም እማ፣ አሁንም እየጠጣሁት ነው" አልኳት። እውነት ነው ትላላችሁ ውሸት?

ወደ ጅዳ ስንመለስ ኻላ ሁለት ኪሎ የሚሆን ሰዊቅ ሰጡኝ። በምን ቋጥረው መሰላችሁ? በጥቁር ፌስታል! በዚህኛው ጊዜ ማዳም "ምንድን ነው?" ስትል "የእናትሽ አገር ምግብ ነው፤ የእኔም" አልኳት። ልጆቹ በወተትና በስኳር ለመዱት። "ቱራብ ስጪን!" ይሉኝ ጀመር። አፈሩ ቁርስ ሆነ።

በሶ በየአገሩ

ይሄ ነገር የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከተመለስኩ በኋላ ስጠያይቅ ግን ያልሆነበት የለም። ሕንድ የተማረ አንድ ጓደኛዬ በባቡር ወደ ቢሃር ሲሄድ ጣቢያ ላይ የሚሸጥ መጠጥ ገዛ። የተቆላ ሽምብራ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ፣ ጨው፣ ሎሚና ሚጥሚጣ የመሰለ ቃሪያ ገብቶበት። "ሳቱ" ይሉታል። "አንድ ጊዜ ስጎነጭ አያቴ ትከሻዬን የነካችኝ መሰለኝ" ብሎኛል። በኋላ እንዳነበብኩት የቲቤት ሰዎችም የተቆላ ገብስ ዱቄት አላቸው፤ "ፃምፓ" ይባላል፤ በቅቤ ሻይ ያቦኩታል። በካናሪ ደሴቶች ደግሞ "ጎፊዮ" ይሉታል። ደጋ የሚኖር፣ ገደል የሚወጣ፣ ሩቅ የሚሄድ ሁሉ የተቆላ እህል ቋጥሮ ነው የሚሄደው። እኛ አፍረን የጣልነውን ዓለም ስም እያወጣለት ይበላዋል!

ሌላዋ ጎረቤቴ ቤይሩት ነበረች። እሁድ ዕረፍት ስታገኝ ዶራ ወደሚባለው ሰፈር ሄዳ ከሐበሾች ጋር ቡና ትጠጣ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ብዙ እህቶቻችንን አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አስፋልት ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። እሷም ከመሐላቸው ነበረች። "ከእኛ አንዷ ሻንጣዋ ውስጥ ጀበና ተገኘ። ስኒ የለን፤ በውኃ ፕላስቲክ ክዳን ተቃመስን። ያን ቀን ማንም ራሷን አልጎዳችም" አለችኝ። ትንሽ ነገር ትላላችሁ ይሄን?

ለምትሄዱም ለምትሸኙም

ያየሁትን ይዤ ትንሽ ልምከር።

አንደኛ፣ ስንቃችሁን አትናቁ። ከአንድ ልብስ ቀንሳችሁ አንድ ኪሎ በሶ፣ ትንሽ በርበሬ፣ ድርቆሽና ጋቢ ያዙ። ዱቄት ነገር ስለሚያጠራጥር በሚያሳይ ፕላስቲክ አሽጉና ስሙን ጻፉበት። "ደቂቅ ሸዒር" ማለት በዓረብኛ የገብስ ዱቄት ነው። አረቄና ጫት ግን በሳዑዲ ሕግ ክልክል ነው፤ ለቀልድም እንዳታስቡት! ይዘቱን የማታውቁትን የሰው አደራም አትቀበሉ።

ሁለተኛ፣ "ምንድን ነው?" ሲሏችሁ መልስ ይኑራችሁ። የሚጠይቅ ሁሉ አይንቅም። ማዳም የጠየቀችው ስላላወቀች ነው። የናቅሁት እኔው ነኝ።

ሦስተኛ፣ የሰው አገር ሰው ሁሉ ባዕድ አይደለም። ዓይናችሁን ክፈቱ፣ አፍንጫችሁንም ጭምር። ጤና አዳማችሁ በሌላ ስም በማን ጣሳ እንደተተከለ አታውቁም።

አራተኛ፣ ይሄኛውን በደንብ ስሙኝ። የቤት ሽታ ልብ ይጠግናል እንጂ በደል አይሸፍንም። የምትመታ፣ ደመወዟን የተነጠቀች፣ የታገተች ልጅ "ጋቢሽን ለብሰሽ ቻዪው" አትባልም። የውላችሁንና የፓስፖርታችሁን ኮፒ ቤት አስቀምጡ፤ የቆንስላውንና የቤተሰብ ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ልብስ ውስጥ ስፉት። ስልክ ይወሰዳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ወረቀት ግን ባትሪ አይጠይቅም።

ለምትሸኙ ደግሞ አንዲት ነገር። ስትደውሉ "መቼ ትልኪያለሽ?" ከማለታችሁ በፊት "ምን ልላክልሽ?" በሉ።

ሁለት ኪሎ ለሰባት ወር

ውሌን ጨርሼ በ2017 ዓ.ም. ወደ ቤት ተመለስኩ። በገባሁ በሁለተኛው ቀን ቡና ተፈላ። ጎረቤት ሄዶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ደፈርኩና "እማ፣ በሶውን እኮ ጥዬው ነበር። በሦስተኛው ቀን ነው የጣልኩት" አልኳት።

እናቴ ጀበናዋን ከማቶቷ አስቀመጠች። "አውቃለሁ" አለች።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ከረጢቷ ሁለት ኪሎ ናት። አብሃ ሆነሽ ስታነጋግሪኝ ሰባት ወር ሆኖሽ ነበር። ሁለት ኪሎ በሶ ሰባት ወር ሲጠጣ የት አገር ታየ?"

"ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?"

"ምን ልጠይቅሽ ኖሯል? ቤታችን አጠገብ ይተኮሳል ልበልሽ? ድምፅሽ እንዳይቋረጥ ነዋ! የበሶ ወሬ ማንን ያስደነግጣል?"

ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ "ያቺ አሮጊት በማር ነው ያለችሽ የሰጠችሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ" አልኳት። "ጨው አታውቅም ማለት ነው" አለች። ተነስታም ምጣዱን ጣደች። የሰፈራችን አንዲት ልጅ በሚመጣው ወር ወደ ሳዑዲ ትሄዳለች። ሁለት ከረጢት ይዛ ትሄዳለች፤ አንዱ የራሷ ነው፣ አንዱ የኻላ።

እናንተስ? ሻንጣችሁ ሥር የቀበራችሁት ምን አላችሁ?

ቸር ይግጠመን!